የወንድሜ ማሳ ከሰማይ ሲታይ

ሐምሌ 8

አለቃዬ ዛሬ ስብሰባ ጠርቶ ወደ ምሥራቁ ሸለቆ የሚሄደውን የመስክ ቡድን ሰረዘው። ድልድዩ ተሰብሯል፣ ነዳጅ የለም፣ ከሦስቱ መኪኖች ሁለቱ ጋራዥ ናቸው። «ሰማይ ላይ ዓይን እያለን እግር ምን ያደርግልናል?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የአለቃ ቀልድ መቼም አያስቅም ተብሎ አያውቅም።

የእኛ ቢሮ ሥራ ሲጠቀለል አንድ ቁጥር ነው፤ ዘንድሮ በአገሩ ስንት ኩንታል ስንዴ ይገባል የሚል። ሳተላይቱ በየአስር ቀኑ ያልፍና መሬቱ ምን ያህል እንደለመለመ ይነግረናል። ልምላሜውን ወደ ኩንታል የምንመነዝረው ግን ሰው መሬት ወርዶ በቆጠረው ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ማዕቀፍ ማሳው ላይ ይጣላል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ዛላ ይቆጠራል። ያ ከሌለ የያዝነው ቀለም ብቻ ነው። ቁጥሩ መስከረም ላይ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። ከፍ ያለ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው የስንዴ መርከብ ይቀራል፤ ዝቅ ያለ ከሆነ ይታዘዛል።

እጄን አወጣሁና «ወንድሜ አለ» አልኩ። ወንድሜ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ያርሳል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ማዕቀፍ ሰጥቼው ነበር። እኔ ከላይ እገምታለሁ፣ እሱ ከታች ይቆጥራል፣ በስልክ እናመሳክራለን፤ እስካሁን ከአምስት በመቶ በላይ ተለያይተን አናውቅም።

«ሚዛን» የምንላቸው የስታትስቲክስ ክፍሉ አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል፣ አሁን ማንንም አይፈሩም።

«የአንድ ሰው ማሳ ለሸለቆ ሙሉ?»

«ከምንም አንድ ይሻላል» አለ አለቃዬ፤ ስብሰባው አለቀ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወንድሜን መሥሪያ ቤት ያስቀጠርኩት ነው የመሰለኝ።


ሐምሌ 19

ደወልኩለት። ስልኩን ሲያነሳ ሁልጊዜ እንደሚለው «አቤት፣ ጠፈርተኛዋ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ቆጠራህ ወግ ደረሰው፤ በሰነድ ሊገባ ነው።»

«በስተርጅና የመንግሥት ሰው አደረግሽኝ? ወንበር አለው?»

«ወንበር የለውም።»

«እንግዲያው ቆሜ ልሥራ።»

ከሳቁ ጋር ሳል መጣ፣ ረዘም ያለ። አቧራ ነው አለ። በሐምሌ ዝናብ ምን ዓይነት አቧራ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አሁን ስጽፈው ነው የታወሰኝ።

ጎረምሳው ሁሉ ወደ መንገድ ሥራው ሄዷል አለኝ። ለአረም የሚሆን ሰው በሸለቆው ጠፍቷል፤ የአረም መድኃኒቱም በድልድዩ ምክንያት አልገባም። «አንተስ?» አልኩት። «እኔማ አለሁ። እጄ የት ይሄድብኛል?»

ይህን ሲነግረኝ የቢሮዬን ቁልፍ እየፈለግሁ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።


ነሐሴ 3

ደመና። ሃያ ቀን ሙሉ ደመና ብቻ። ሸለቆው በምስሉ ላይ የታጠበ አንሶላ መስሏል። አለቃዬ በቀን ሦስት ጊዜ ብቅ ይላል፤ «ተገለጠ?» ይላል። እኔ የምገልጠው ይመስል።


ነሐሴ 14

ተገለጠ። እንዲህ ያለ ልምላሜ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ደጋው መጠነኛ ነው፣ ምዕራቡ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሸለቆው ግን የተቀባ ይመስላል። የወንድሜን ማሳ አጉልቼ አወጣሁት። በወንዙ መታጠፊያ በኩል ሦስት ማዕዘን ሆኖ የሚታየው የእሱ ነው። ከአካባቢው ሁሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ እሱ ነው።

አፌን ሞልቼ ለቢሮው አወራሁ። «ይኼ የወንድሜ ነው» እያልኩ፣ ልጇ አንደኛ እንደወጣላት እናት። የካርታ ክፍሏ ልጅ «ሚስት ይፈልጋል?» አለችኝ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ያለችው አንዲት ልጁም ባሕር ማዶ አግብታ ቀርታለች። «ጠይቄ ልንገርሽ» አልኳት።

ማታ ለእማዬ ምስሉን በስልኬ አሳየኋት። ሞራው ዓይኗን ስለሸፈነው የምታየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ ግን ስልኩን ይዛ ፊቷ ላይ ለጠፈችው።

«ንገሪኝ እስቲ፤ ምን ይመስላል?»

«አረንጓዴ ነው እማዬ። ጥቁር አረንጓዴ።»

«እሱስ ይታያል?»

«ሰው አይታይም፤ በጣም ሩቅ ነው።»

«ታዲያ ምኑን አየሽው?» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

ወንድሜና እኔ በትምህርት ሁለታችንም አንደኛ ነበርን። አባባ ሲሞት አንድ ሰው መሬቱ ላይ መቅረት ነበረበት፣ እሱ ቀረ። ይህን የሚያነሳብኝ ሰው የለም፤ እሱም አንስቶት አያውቅም። እኔ ነኝ በየጊዜው የማነሳውና መልሼ የማስቀምጠው።


ነሐሴ 26

ልሄድ አስቤ ነበር። ለአራት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ «ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ወር ሙሉ ሂጂ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሥራው አንገቴ ድረስ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እንቢ ሲለኝ ቅልል አለኝ። ድልድዩ ስለተሰበረ አውቶቡሱ የሚያልፈው በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጃል።


መስከረም 6

ቆጠራው ደረሰ። 312 ዛላ በካሬ።

ወዲያው የዓምናውን መዝገብ ገለጥኩ፤ ዓምናም 312። ይኸውልህ ገበሬ ማለት፤ እንደ ሰዓት የሚሠራ! ለሚዛን ልነግራቸው አስቤ ተውኩት፤ እሳቸው መልካም ነገር ሲሰሙ ይታመማሉ።

ወንድሜ ሲያወራ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ዳገት እየወጣሁ ነው» አለኝ። ቆይቶ ከጀርባው የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ «ኧረ ተኛ እንጂ አንተ ሰው!» የሚል። ጆሮዬን ቀጥ አደረግሁ። «ማን ናት?» ስለው «ጎረቤት ናት» ብሎ ዘጋው።

ጎረቤት! ዳገት ላይ የምታስተኛ ጎረቤት! ብቻዬን ሳቅሁ። ለእማዬም ሮጬ ነገርኳት፤ «ልጅሽ ሰው አግኝቷል መሰለኝ።» ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «ድምፁ እንዴት ነው?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት።


መስከረም 12

ቁጥሩን አቀረብኩ። ለምሥራቁ ሸለቆ ሃያ ስምንት ኩንታል በሄክታር። አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ደስተኛ። አንደኛው እንዲያውም አጨበጨበ፣ ሌላ ሰው ስላልተከተለው እጁን ኪሱ ከተተ።

ሚዛን በመጨረሻ ተነሡ። «ዓምና 312፣ ዘንድሮም 312። እኔ አርባ ዓመት ስቆጥር ኖርኩ፤ መሬት ራሱን ሲደግም አላየሁም። አንድ ሰው እንኳ ፂሙን ሁለት ቀን እኩል አይላጭም።»

«ወንድሜን ውሸታም እያሉኝ ነው?» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ኧረ በፍጹም፤ ደውለሽ ጠይቂው ነው የምልሽ።»

«ጠይቄዋለሁ።»

«ቁጥሩን ነው የጠየቅሽው ወይስ ሰውየውን?» ብለው ተቀመጡ።

አለቃዬ ጣልቃ ገባ፤ ልምላሜውም ቆጠራውም አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ ሁለት ምስክር አለን አለ። ከሰዓት በኋላ የመርከቡ ትእዛዝ መሰረዙን ሰማን። ሻይ ቤት ውስጥ «የአንቺ ወንድም መርከብ አስቆመ» እያሉ ቀለዱብኝ። እኔም ቀለድኩ።

ለሚዛን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ነገ።


መስከረም 13

አልጠየቅሁም።


መስከረም 24

እማዬ ዛሬ ከአልጋዋ ሳትነሳ ጠራችኝ።

«የወንድምሽ ማሳ አሁንም አረንጓዴ ነው?»

«አዎ፤ ባለፈው አስር ቀን እንዳየሁት ነው።»

«ደጋውስ?»

«ደጋው ቢጫ መሆን ጀምሯል።»

«ሸለቆ ከደጋ ቀድሞ ነው የሚደርሰው፤ እኔ ሠላሳ ዓመት አጭጄዋለሁ። ስንዴ ሲደርስ ይገረጣል ልጄ። የማይገረጣ ምን እንደሆነ አታውቂም?»

ዘሩ ሌላ ዓይነት ይሆናል፣ ዝናቡ ስለረዘመ ይሆናል አልኳት። ቢሮ እየረፈደብኝ ነበር፤ አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ነበር። «ይሆናል» አለች። እማዬ «ይሆናል» ካለች አላመነችም ማለት ነው።

ጋሼ ጋር ሦስቴ ደወልኩ። አንዴ ተነስቶ ተዘጋ። የኔትወርክ ችግር ነው፤ እዚያ አገር ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።


ጥቅምት 2

አዲሱ ምስል። ደጋው ወርቅ ሆኗል። ሸለቆው አረንጓዴ።

ምክንያቶችን ወረቀት ላይ ደረደርኩ። ዘግይቶ መዝራት፣ የወንዝ እርጥበት፣ አዲስ ዝርያ። ሁሉም ያስኬዳሉ። አንድ ሌላ ምክንያት ጻፍኩና መልሼ ሰረዝኩት።


ጥቅምት 5

ይህን በሥነ ሥርዓት መጻፍ አለብኝ፤ አለበለዚያ ነገ እንዳላየሁት እሆናለሁ።

በየዓመቱ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ለአየር ቅኝት እንከራያለን። ዝቅ ብሎ ይበርራል፣ ከሥሩ ካሜራ ተገጥሞለታል፤ ሳተላይቱ ማሳ ሲያይ እሱ ፍየል ይቆጥራል። ዘንድሮ የታዘዘው ለደቡቡ ነበር። ካፒቴኑ ግን ሲመለስ ነዳጅ ተርፎት ሸለቆውን አንድ ጊዜ አቋርጦ አለፈ። «ወንድምሽ እዚያ ነው ስትይ ሰምቼ ነው» አለኝ፤ ምስሉን ራሱ ይዞልኝ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ አልጋበዝኩትም።

መጀመሪያ ያየሁት ቢጫ ነጠብጣብ ነው። የስንዴ ቢጫ አይደለም፤ አበባ ነው። የአረም አበባ። ማሳው ውስጥ ስንዴው ለዓይን እንኳ አይለይም፣ አረሙ ውጦታል። ሳተላይቱ ምን ያድርግ? አረንጓዴ ፈልግ ተባለ፣ አረንጓዴ አገኘ። ጎረቤቶቹም እንደዚያው ናቸው። ያረመ ሰው ማሳ በመደዳው መካከል አፈሩ ይታያልና ከላይ ሲያዩት ሳሳ ይላል፤ ያላረመው ግን ድፍን ነው። እኔ ደግሞ ድፍኑን መርጬ አንደኛ ብዬ ሾምኩት።

ሁለተኛው ነገር። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ማሳው ቀጭን የእግር መንገድ ነበረች። በቀደሙት ዓመታት የአየር ምስሎች ሁሉ እንደ ነጭ ክር ትታያለች፤ ጠዋት የሚሄድባት፣ ማታ የሚመለስባት። በዚህኛው ምስል ላይ የለችም። ሣር በልቷታል። መጀመሪያ ቤቱን የተሳሳትኩ መስሎኝ ጣሪያዎቹን ቆጠርኩ። አልተሳሳትኩም። ከደጃፉ የምትነሳ አንዲት የእግር መንገድ ብቻ አለች፤ እሷም ወደ ማሳው አትሄድም፣ ወደ ጎረቤት ቤት ነው የምትሄደው።

ከአንድ ወር በላይ ያልተረገጠ መንገድ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።


ጥቅምት 6

ለአለቃዬ በወረቀት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ መልሱን አልጠበቅሁም። እማዬን ታች ቤት ላለችው ልብስ ሰፊ አደራ ሰጠሁ። እማዬ «ፎጣና ሳሙና ያዢ፤ የታመመ ሰው ቤት ሳሙና አይኖርም» አለችኝ። ታሟል ብዬ አልነገርኳትም።


ጥቅምት 8

ሁለተኛው አውቶቡስ። የእጅ ጽሑፌ ይንቀጠቀጣል፣ መንገዱ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የት ትሄጃለሽ አለኝ፤ ሸለቆው አልኩት። «ዘንድሮ ጥጋብ ነው ይላሉ እዚያ፤ በራዲዮ ሰማሁ» አለ። በራዲዮ የተነገረው የእኔ ቁጥር ነው።


ጥቅምት 9

ደረስኩ። አለ።

አለ ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ ልጻፍ። ትከሻው ሸሚዙ ውስጥ ማንጠልጠያ መስሏል። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ። «ጠፈርተኛዋ! አረፍሽ?» አለኝ። ሳቁ ያው ነው፤ ሌላው ሁሉ ተለውጧል።

«ሴትዮዋ» ጎረቤቱ ናት። ስድሳ ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ የምታመጣለት። እዚያች የእግር መንገድ ላይ የምትመላለሰው እሷ ናት። እኔ ያቺን ድምፅ ምን ብዬ ለእናቴ እንዳወራሁ ሳስበው ፊቴን የማሳርፍበት አጣሁ። «ንገራት፣ ለእህትህ ንገራት ስለው እንቢ አለኝ። ሥራ አላት ይላል» አለችኝ፤ በወቀሳ አይደለም፣ ይህ ነው የባሰው።

የጤና ጣቢያው ሰው ሳንባው ነው አለ። በሐምሌ ቢመጣ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ አቆመ። ትልቁ ሆስፒታል ከድልድዩ ማዶ ነው፤ በላይኛው መንገድ ዞሮ ሁለት ቀን በአውቶቡስ አይችለውም።

ከሰዓት በኋላ ትራሱን አስተካክዬለት ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ 312ቱን የት አመጣኸው?»

ጣሪያውን አየ። የተያዘ ልጅ ነው የመሰለው።

«ዓምና ጥሩ ነበር አይደል? እሱኑ ሰጠሁሽ።»

«ለምን?»

«አልቆጠርኩም ብልሽ ለምን ትያለሽ። ለምን ስትይ ታምሜ ነው እልሻለሁ። ከዚያ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ። እኔ አንቺን ከሥራሽ ለማስቀረት ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁት። «ደግሞስ አንድ ማሳ ምን ይጎዳል ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነገርኩት። ለሸለቆው በሙሉ የወሰድነው የእሱን ቁጥር መሆኑን፣ መርከቡን፣ ራዲዮውን። ሐምሌ ላይ በሰነድ ሊገባ ነው ብዬው ነበር፤ እሱ ቀልድ መስሎት ነበር።

«መንግሥት እኔን ያምናል ብዬ መች ጠረጠርኩ?» አለ። ልንስቅ ሞከርን። እኔ መጨረስ አልቻልኩም።


ጥቅምት 11

ዛሬ አጠብኩት። የእማዬ ሳሙና።

«ስንቱን ሰው ነው የጎዳሁት አሁን?» አለኝ በድንገት።

«አንተ አይደለህም የጎዳኸው።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ስንት ሰው?»

ሸለቆውና ሸለቆው የሚመግበው ከተማ፤ ነገርኩት።

«እንግዲያው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ማዕቀፉ በር ኋላ ነው። ሂጂ ቁጠሪ። ትክክለኛውን ይዘሽ ግቢ።»

«አንተን ትቼ?»

«እኔን ቆጠርሽኝ እኮ፤ አንድ ነኝ። የቀረውን ሂጂ።»


ጥቅምት 12

ስድስት ማሳ። ጎረቤቱ እየመራችኝ። ዛላ በካሬ 74፣ 90፣ 58፣ 103፣ 66፣ 81።

ሲመሽ ነገርኩት። እያንዳንዱን ማሳ ከነባለቤቱ ያውቀዋል። «103 የማን ነው? ... እሱማ ሚስቱ ጠንካራ ናት» አለ።


ጥቅምት 13

ጠዋት ትንሽ ሾርባ ወሰደ። ደህና ይመስል ነበር። ሂጂ አለኝ።

ዘጠነኛው ማሳ ላይ ሆኜ ተጠራሁ። አርባ ሰባት ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠርኩም።


ጥቅምት 14

ቀበርነው። ሰው ብዙ መጣ። ከመንገድ ሥራው ጎረምሶቹም መጡ፤ አካፋቸውን ከዚያው ይዘው።


ጥቅምት 16

ዘጠነኛውን ማሳ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ አስረኛው፣ እስከ አስራ አራተኛው። የእሱን ለመጨረሻ አስቀረሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ማዕቀፉን ወረወርኩ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ጥሩ ቦታ መርጠህ እንዳትጥል። አረሙን በእጄ እየገለጥኩ ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። 61።


ጥቅምት 20

እቤት ገባሁ። እማዬ ወንበር ላይ ነበረች፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ። እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሁለት ቀን መንገድ ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ «አልደረስሽም?» አለችኝ።

«ደርሻለሁ። አራት ቀን አብሬው ነበርኩ።»

«አራት» አለች። እጄን ፈልጋ ያዘችው። ታች ቤት የስፌት መኪናው ቆሞ ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ ሰምታለች ማለት ነው።


ጥቅምት 23

ቢሮ። ሁሉም እንደ ሸክላ ይዞኛል፤ ቀስ፣ ቀስ። ሚዛን ወንበራቸውን አጠገቤ አምጥተው ተቀመጡ፤ ከአሥራ አራቱ ማሳዎች ጀምረን አብረን አዲሱን ቁጥር አወጣን። ለሸለቆው ዘጠኝ ኩንታል በሄክታር። እርሳሳቸውን አስቀምጠው «ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉኝ። እኔ ልለው የነበረውን እሳቸው ወሰዱብኝ።

«ለምኑ?» አልኳቸው።

«ትክክል በመሆኔ።»


ጥቅምት 25

የቁጥር ማረሚያ ቅጽ አለን። አንድ ገጽ ነው፤ አሮጌው ቁጥር፣ አዲሱ ቁጥር፣ ፊርማ። ከታች «የስህተቱ ምክንያት» የሚል ሁለት መስመር ቦታ አለ።

አለቃዬ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ለማንም እላለሁ። አዲሱን ቁጥር ሳያንገራግር ተቀብሏል፤ መርከቡ እንደገና እንዲታዘዝ ራሱ ላይኛው ፎቅ ድረስ ወጥቶ ተሟግቷል። ሁለት ወር ዘግይቶ ይደርሳል፤ በሁለት ወር ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገረውም።

«ምክንያቱ ላይ ደመና ብለሽ ጻፊ» አለኝ። «ሃያ ቀን ደመና ነበር፤ ውሸት አይደለም። ደመና አይከሰስም። ደመና ቤተሰብ የለውም።»

«ደመናው ነሐሴ ላይ ተገልጧል።»

«አውቃለሁ። ግን አስቢው። እውነቱን ከጻፍሽ ‹ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ገበሬ› የሚል ፋይል ይከፈታል። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። ወንድምሽን በዚያ ስም ነው መዝገብ ውስጥ ማስቀመጥ የምትፈልጊው?»

ቅጹን ይዤ ወጣሁ።


ጥቅምት 27

ሁለት ቀን ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ደመና ብል ማንም አይጠይቀኝም። እሱም በሰላም ያርፋል፣ እኔም የምጠብቀውን የሥራ እድገት አገኛለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ሰው የአንድ ሰው ማሳ ይዞ ይመጣል።

ሐሰተኛ ብል እሱን ሸጥኩት። ያስተማረኝን።

ሦስተኛ ነገር መኖር አለበት። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው።


ጥቅምት 29

ዛሬ ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ ጻፍኩት። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«መረጃውን የሰጠው ሰው በጠና ታሞ ነበር። መረጃውን የተቀበለችው እህቱ ስለ ማሳው እንጂ ስለ እሱ አልጠየቀችም።»

ከሥሩ ስሜን፣ የሥራ ድርሻዬን፣ ፊርማዬን።

አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ላይኛው ፎቅ ከጠሩሽ?»

«እሄዳለሁ።»

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ፈረመ። ማኅተሙን ያደረገው ራሱ ነው፤ ጸሐፊዋን አልጠራም።

እቤት ስገባ እማዬ ወንበሯ ላይ ነበረች።

«ዛሬ ምን ሠራሽ?»

«ቁጥሩን አስተካከልኩ።»

«የእሱንም ጨምረሽ?»

«ጨምሬ።»

«ስንት ወጣለት?»

ልዋሻት አስቤ ነበር፤ ዓምናውን ልሰጣት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስድሳ አንድ» አልኳት።

ሠላሳ ዓመት ያጨደች ሴት ናት፤ ስድሳ አንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ለታመመ ሰው» አለች፣ «ጥሩ ነው።»